ቁጭ በሉ፣ አያ አሕመድኑር

«ነገ ጠዋት ብቻ ከቤት እንዳይወጣ አድርግልን፤ የቀረውን እኛ እናውቃለን።»

አያ አሕመድኑር ይህን ቃል የሰሙት ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ ጓሮ ጎንበስ ብለው ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ ነው። ተናጋሪው የቅሬው ዳኛ አለምነው መሆኑን ለማወቅ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ማየት አላስፈለጋቸውም፤ አለምነው ሹክ ሲል እንኳ ገበያ መሀል የቆመ ይመስለዋል። የሚያዳምጠው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ሙሐሲን ነበር። ሙሐሲን፣ «ጫማውን እደብቀዋለሁ። ያለሱ አይወጣም» አለ። አያ አሕመድኑር ክው አሉ። ውሃው ከጣሳው እየፈሰሰ ሱሪያቸውን ሲያረጥበው አልተሰማቸውም። ስድሳ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ብዙ ጉድ ይሰማል፤ የወለደው ልጅ ከጎረቤት ጋር ዶልቶ ጫማ ሊሰርቀው መሆኑን የሰማ ግን ያለ አልመሰላቸውም። የሙሐሲን ድምፅ ስብር ብሎ ነበር። ክፉ የሚያስብ ሰው ድምፁ እንዲህ ነው የሚሆነው ብለው ደመደሙ።

ነገ ምን እንዳለ መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቅ የለም። ነገ የደጋው ሩጫ ነው፤ ከከተማው አደባባይ ማለዳ ተነስቶ፣ በደንቆሮ ጫካ ጥግ ወደ ውርጩ አገር ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ አመሻሽ ላይ እዚያው አደባባይ የሚያበቃ፣ ጉልበት አለኝ ያለውን ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚያስለፋ ሩጫ። ከደሴም ከአዲስ አበባም ሰው መጥቶ ሆቴሎቹ ሞልተዋል፤ አንድ አልጋ ያለው ሁሉ ዋጋውን እጥፍ አድርጎታል፤ ሙዝ እንኳ በሳምንት ውስጥ ተወዷል። አያ አሕመድኑርም ተመዝግበዋል። የመዘገበቻቸው መቅደላዊት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ዕድሜያቸውን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ሲጀምሩ ቀስ እንዲሉ፣ ትንፋሻቸውን እንዲቆጥቡ፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበታቸውን እንዲጠብቁ ረዘም ያለ ምክር ሰጠቻቸው። እሳቸውም በትሕትና አዳምጠው ሲጨርሱ ወረፋ ወደያዘው ሰው ዞር ብለው፣ «ለቀባሪው አረዱት» አሉና ሰዉን ሁሉ አሳቁት።

ሰው የሳቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲስ አበቤ እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ስልክ ባልነበረበት ዘመን ከቅሬው ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመድ መርዶ ይዘው የሚሮጡት አያ አሕመድኑር ነበሩ። አጅባር በሉ፣ አቀስታ በሉ፣ ደጎሎ ሳይቀር፣ በገደሉና በጓሳው ሲሮጡ አድረው ለሰው ይደርሱ ነበር። ከሩጫቸው ይልቅ ግን ስማቸውን ያስጠራው አነጋገራቸው ነው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ ለቆመ ሰው ደግሞ ከቶ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ ይቀመጣል፤ ከዚያ ነው። ቆሞ የሰማ ሰው አወዳደቁን ያየ ያውቀዋል። እስኪቀመጥ ድረስ ደግሞ ዓይኑን አትየው፤ ዓይንህ ካፍህ ቀድሞ ይነግረዋል፤ እግሩን እያየህ አጫውተው። ይህን ደንብ ለቅሬው ሰው ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አለምነው ራሱ ዳኛ ከመሆኑ በፊት ከኋላ ከኋላቸው እየሮጠ ነው የተማረው።

ከዚያ ስልክ መጣና እግራቸውን ጡረታ አወጣው። እግራቸው ግን ጡረታውን አልተቀበለም። ስኳር እንዳለባቸው የነገራቸው የጤና ባለሙያ፣ «እርስዎን የሚያዋጣዎት መንቀሳቀስ ነው» ሲላቸው ፈቃድ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። ቢተው የሚባለው ጎረቤታቸው ሥራ ባቆመ ማግስት በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻ ራሱ ቢተው ሄደ። አያ አሕመድኑር ከቀብሩ ሲመለሱ፣ «ለተቀመጠ ሽማግሌ ሞት አይቸገርም» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ለሶላትና ለምግብ ካልሆነ ሲቀመጡ ያያቸው የለም። ችግሩ፣ ከተማው እግራቸውን አልረሳውም። ልጇ ዓረብ አገር ያለች እናት ሁሉ አያ አሕመድኑር ሲሮጡ ካየች ሆዷን ይዛ ትቆማለች፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ማን ቤት ይሆን ብላ። የዛሬ ዓመት ክረምት ላይ አንዷ እንቁላል የሞላበት ዘንቢሏን ጥላ እሪ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ቅሬው ተሰብስቦ በዋናው መንገድ እንዳይሮጡ ለመናቸው፤ እሳቸውም እሺ ብለው በጓሮ በጓሮ መሮጥ ጀመሩ። አሁን ይኸው፣ ልመናው አልበቃ ብሎ ጫማ መስረቅ ላይ ደረሱ። የአለምነውን ንግግር እንዲህ ነው የተረጎሙት።

ጫማው ደግሞ እንዲሁ ጫማ አይደለም። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ፈርሂያ የላከችው ነው፤ ቀለሙ ብርቱካን፣ ሶሉ እንደ ድፎ የወፈረ፣ ያየው ሁሉ ዋጋውን የሚጠይቅ። በፈርሂያ ገንዘብ ቤቱ ሴራሚክ ተነጥፎበታል፣ ሶፋ ገብቶበታል፤ የሶፋውን ፕላስቲክ ሙሐሲን እስከ ዛሬ አላነሳውም፣ አያ አሕመድኑርም ተቀምጠውበት አያውቁም። ከዚያ ሁሉ ዕቃ የእኔ ያሉት ጫማውን ብቻ ነው። ጫማውን ስትልክ ፈርሂያ በድምፅ መልእክት፣ «አባዬ፣ እኔ ከዚህ ግቢ በር አልወጣም። አንተ ስትሮጥ እኔም የወጣሁ ይመስለኛል። ጨርሰህ ስትገባ ፎቶ ተነሳና ላክልኝ። ቆመህ ነው፤ ቁጭ ብለህ እንዳይሆን!» ብላቸው ነበር። ይህችን መልእክት ስንቴ እንዳዳመጧት አላህ ይወቀው። ረቡዕ ዕለት ግን ሙሐሲን፣ «ስክሪኑን ላሠራልህ» ብሎ ስልኩን ወሰደ። ሲጠይቁት መለዋወጫው ከደሴ እየመጣ ነው ይላል። ስልክ ሄደ፤ አሁን ደግሞ ጫማ ሊሄድ ነው። አያ አሕመድኑር የሰሙትን በሆዳቸው ይዘው ገቡና እራት ቀረቡ። በመሀል ሙሐሲን አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ካገባ ወዲህ አጉርሷቸው አያውቅም ነበር። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት፣ አሉ በልባቸው፣ እያላመጡ።

ሊነጋጋ ሲል ተነሱ። ጫማው ከአልጋው ሥር የለም። ሙሐሲን ግን መደበቅ ከልጅነቱ አይችልበትም፤ ከረሜላ ሲሰርቅም የሚቀብረው ጤፍ ውስጥ ነበር። የጤፉን ጆንያ ፈትተው እጃቸውን ሰደዱ፤ ግራውም ቀኙም እዚያው አሉ። ከጆንያው አጠገብ ትናንት ያልነበረ ስኳርና ሩዝ፣ ከጎረቤት የመጣ ትልቅ ድስት ተደርድሮ አዩና፣ የሩጫው እንግዳ እኛም ቤት ሊበላ ነው እንዴ፣ እኔን ግን ሩጫው ውስጥ አይፈልጉኝም፣ ብለው ተናደዱ። ጤፉን እያራገፉ ወደ ግቢ ሲወጡ የሙሐሲን ሚስት ስመኝ ከውጭው በር ሥር ቆማለች። ሰላም ልትላቸው ቀና አላለችም፤ ዓይኗ ጫማው ላይ ተተክሏል።

«አባባ፣ ቁጭ ብለው ቁርስ ቀምሰው ቢሄዱስ?»

«ስመለስ እበላለሁ። ባልሽን ልትቀሰቅሽብኝ ነው?»

የስመኝ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ባሏን ፈርታ ነው ብለው አዘኑላት። ለልጅ ሚስት ይህን ያህል ጭንቀት ማምጣታቸው ሐፍረት አሳደረባቸው። «አብሽሪ፣ አንቺ ተኝተሽ ነበር እላለሁ» አሏት። ስመኝ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች፤ ውስጥ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መወርወሪያውን እሷው ራሷ፣ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይጮህ በነጠላዋ ይዛ ሳበችው።

«ይሂዱ» አለች፤ «ዛሬን ይሩጡ፣ አባባ።»

አደባባዩ ላይ ሙዚቃው ደምቋል። መቅደላዊት ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችላቸውና ጫማቸውን ስታይ «ዋው!» አለች፤ ያን ቀን ጫማውን ለጫማው ብላ ያየች እሷ ብቻ ነበረች። ሲለቀቁ ወጣቱ እንደ ጥይት ተፈተለከ። አያ አሕመድኑር ግን ከቤቱ ወጥቶ ወደ ገበያ እንደሚያዘግም ሰው ሶምሶማ ጀመሩ። ረጅም መንገድ የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ላይ መንገዱን አያስቀይመውም። ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ፣ ዳገቱን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየደገፉ በእግር፣ ሜዳውን በሶምሶማ። ከከተማው ወጥተው ዳገቱን ሲያጋምሱ ተፈትልከው ከነበሩት ውስጥ ጎናቸውን ይዘው የቆሙ ማግኘት ጀመሩ። «ወንድሜ፣ ቆመህ አትተንፍስ፤ እየሄድክ ተንፍስ» እያሉ አለፏቸው። ጭጋጉ ከገብሱ ማሳ ላይ እየተነሳ ነው፣ አየሩ አፍንጫ ይቆርጣል፣ እግራቸው ይሞቃል። ፈርሂያ አሁን ተነስታ የሰው ልጆች ቁርስ እየሠራች ይሆናል፣ እኔን ግን እያሰበች ነው፣ ብለው ልባቸው በደስታ ሞላ።

የሞተር ብስክሌት ድምፅ የሰሙት ያኔ ነው። ዘወር ሲሉ የሰፈራቸው ባለሞተር ሁዜይፋ እየነዳ፣ ሙሐሲን ከኋላው ተፈናጥጦ እጁን እያውለበለበ ይመጣል። «አባ! አባ፣ ቁም! ወላሂ ለክፋት አይደለም!» ለክፋት አይደለም የሚል ሰው ለምን እንደሚመጣ አያ አሕመድኑር ያውቃሉ። ከመኪናው መንገድ ወጡና ወደ ቀኝ፣ ከስልክ በፊት መርዶ ወደሚያደርሱበት፣ እግር እንጂ ጎማ ወደማያውቀው የድሮ አቋራጫቸው ታጠፉ። አቋራጩ ገደል ይወርዳል፤ ሞተር ገደል አይወርድም። ድንጋዩን እንደ ድሮው እየመረጡ ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ማዶ ብቅ ሲሉ ወደ ኋላ አዩ። ሁዜይፋ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ሙሐሲን ግን አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። አባትየው ከት ብለው ሳቁ። በዚህ ዕድሜያቸው ከሁለት ወጣትና ከአንድ ሞተር ማምለጣቸው እንደገና ጎረምሳ አደረጋቸው።

አቋራጩ ያወጣቸው እትዬ ብርሀንነሽ መንደር ነው፤ ሩጫውም በዚያው ያልፋል። ብርሀንነሽ ባሏ የሞተባት የክርስቲያን ገበሬ ናት። ባሏ ለግዳጅ ሄዶ በቀረ ጊዜ መርዶውን ያረዷት አያ አሕመድኑር ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እህትና ወንድም ናቸው፣ ባቄላ ሲደርስ እሸት ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ዛሬ ደጃፏ ላይ ሳይሆን መንገዱ ዳር ቆማለች። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው እርጎ የሞላ ዋንጫ ይዛለች፤ እግሯ ሥር መቀመጫ ዱካ አለ፣ ዱካው ላይ ደግሞ አጎዛ አንጥፋበታለች።

«ቁጭ በሉ፣ አያ አሕመድኑር።»

«እትዬ ብርሀንነሽ፣ እኔ ከተቀመጥኩ በወሳንሳ ነው የምታስነሱኝ። ቆሜ ልጠጣው።»

«ትንሽ ብቻ። እህል ቅመሱ፣ እረፉ፤ ከዚያ መኪና ያገኛሉ፣ ቤትዎ ይገባሉ።»

«ሩጫ ላይ ያለ ሰው በመኪና ይገባል እንዴ!»

እርጎውን ቆመው ጨለጡት። ብርሀንነሽ ሁልጊዜ ገና ሰላምታው ሳያልቅ የምትጠይቀው ስለ ፈርሂያ ነበር፤ ልጅቱ በአንድ ወቅት እሷ ዘንድ ከርማ አብራት ጎመን ዘርታለች፣ አብራት ውሃ ቀድታለች። ዛሬ አልጠየቀችም። እንደ ሌላው ሁሉ ዓይኗን ጫማቸው ላይ ጥላለች። አያ አሕመድኑር ያልተጠየቁትን ራሳቸው ለመመለስ አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አዩት? የፈርሂያ ነው! ከጅዳ!» አሉ። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተችው። ከነጠላው ሥር የወጣው ድምፅ የሳል አይደለም፣ የሳቅም አይደለም።

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ባሌ ትዝ ብሎኝ ነው።»

አያ አሕመድኑር ልባቸው ራራ። ዓመታት ያለፉትን ነገር የእሳቸው እግር እንዲህ ሲቀሰቅስ፣ አለምነውም ያለ ነገር አይደለም የሚከለክለኝ ብለው ለአፍታ አሰቡ። «እኔ ሳረዳዎት በድዬዎት ይሆን?» አሉ ዝግ ብለው።

«አልበደሉኝም። ቤቴ አስገብተው፣ አብልተው፣ አስቀምጠው ነው የነገሩኝ።»

«ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ደንቡ እንደዚያ ነው» አለች ብርሀንነሽም፤ ስትናገር ግን ጫማቸውን እያየች ነበር። እጃቸውን ይዛ አልለቅ አለች። እሳቸው ናቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀው፣ ግንባሯን ሳም አድርገው የሄዱት። ርቀው ሲዞሩ ዱካው አጠገብ እንደቆመች ነበር፤ አልተቀመጠችበትም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የማይገባ ሆነ። ድሮ የሚያውቋቸው ገበሬዎች ከማሳቸው እየወጡ፣ ቆባቸውን እያወለቁ መንገድ ዳር ይቆማሉ። «አይዞን» ይላሉ እንጂ «በርታ» አይሉም። ወጣት ሯጮች ሲያልፉ እልል የሚሉ ሴቶች እሳቸው ሲደርሱ እልልታውን ያቋርጡታል። ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ ጫማው ያያል። አያ አሕመድኑር መጀመሪያ ኩራት ተሰማቸው፤ ይህ ጫማ አገር አፈዘዘ አሉ። ቆየት ብለው ግን ከፋቸው። ለሽማግሌ እልል አይባልም? ያረጀ ሰው ሲሮጥ እንደ ለቅሶ ቆብ ይወለቅለታል? በንዴት ፈጠኑ። ጅብራው ቆሞ የሚያያቸው ውርጭ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ረግረጉ ጠበቃቸው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ገቡበት። እየነቀሉ፣ እየተነቀሉ ሲያልፉት ሁለቱም እግራቸው አንድ ዓይነት ጥቁር ቡኮ ሆነ። ብዙም ሳይርቁ ባታቸውን ቁርጠት ያዘው፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ዓይናቸው ብዥ አለ። ስኳራቸው ወርዷል። ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው እየመጠጡ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተመለከቱ። ድንጋይዋ ፀሐይ ሞቃለች። በሕይወታቸው እንደዚያች ድንጋይ ያማራቸው ነገር የለም። መቅረብ ቀረቡ፤ መዳፋቸውንም አሳረፉባት። «ቁጭ ብለህ እንዳይሆን» አለች ፈርሂያ በጆሯቸው። ዘንግ ለቅመው፣ እያነከሱ፣ ቆመው ሄዱ።

መካነ ሰላም ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ያልረገጡት ዋናው መንገድ በሩጫው ሰበብ ተፈቅዶላቸዋል፣ በመሀሉ ገቡበት። ገበያው ጭር ብሏል፣ የሰፈራቸው ሱቆች ተዘግተዋል። ያች እንቁላሏን ጥላ እሪ ያለችው ሴት ደጇ ላይ ቆማለች፤ ሲሮጡ እያየቻቸው ሆዷን አልያዘችም፤ ከሌሎቹም እናቶች ሆዷን የያዘች የለም። አንዷ እንዲያውም ልጇን ወደ ጎኗ ጠጋ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው። ዛሬ በእሳቸው ሩጫ የደነገጠ ሰው የለም። በመጨረሻ ለመዱኝ፣ አሉ አያ አሕመድኑር፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ይህን ለፈርሂያ እነግራታለሁ፣ ከፎቶውም በላይ ደስ የሚላት ይህ ነው።

አደባባዩ ላይ ሙዚቃ የለም። መስመሩ አለ፣ ባንዲራው አለ፣ ሰውም እንደ ጉድ አለ፤ ድምፅ ግን የለም። መሽቶ ነው ድምፅ ማጉያውን የነቀሉት ብለው ዘንጋቸውን ጥለው፣ የመጨረሻዋን ሜዳ እግራቸውን ሳያነክሱ፣ ደረታቸውን ነፍተው ሮጡ። ገቡ! ማንም አላጨበጨበም። ከመስመሩ ማዶ የቅሬው ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጠላና ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። ከፊት አለምነው፣ ከጎኑ ሙሐሲን፣ ከኋላ ስመኝ። ሊጣሉኝ ሰልፍ ወጡ እንዴ ብለው ሲያስቡ አለምነው ቀረበና ጋቢ አለበሳቸው። ገበያ የሚያክለው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ የሚሰማ አይመስልም።

«እንኳን ደህና ገባህ፣ ወንድሜ። ወደ ቤት እንሂድ። እህል ትቀምሳለህ፤ ቁጭ ትላለህ።»

«መጀመሪያ ፎቶ!» አሉ አያ አሕመድኑር ጋቢውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው። «ቆሜ ነው የምነሳው። ለልጄ ቃል ገብቻለሁ። ስልክ ያለው?»

ይህን ያህል ሰው ቆሞ ስልኩን ያወጣ አልነበረም። በመጨረሻ መቅደላዊት ከዳር መጥታ የራሷን አነሳች። አያ አሕመድኑር እግራቸውን ገጥመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ወደ ስልኩ ፈገግ አሉ። ከስልኩ ጀርባ ያለውን ሕዝብ ያዩት ያኔ ነው። አንድም ሰው ፊታቸውን አያይም። ሙሐሲንም፣ ሁዜይፋም፣ ባለሱቆቹም፣ ሁሉም ራሱን ደፍቶ እግራቸውን ያያል። እሳቸውም ሰው የሚያየውን ለማየት ጎንበስ አሉ። ጫማው የለም። ብርቱካኑን ጭቃ ውጦታል፤ እግራቸው ላይ ያለው የደረቀ ጥቁር አፈር ነው፣ ማንም ዋጋውን የማይጠይቀው፣ ማንም የማያደንቀው።

ታዲያ ምኑን ነው የሚያዩት?

እስኪቀመጥ ድረስ ዓይኑን አትየው፤ እግሩን እያየህ አጫውተው። የብርሀንነሽ ዱካ፣ የገበሬዎቹ ቆብ፣ ጆንያው አጠገብ ያለው ስኳርና ሩዝ፣ ከደሴ የማይመጣው የስልክ ዕቃ፣ የትናንቱ ጉርሻ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እሳቸው ባስተማሩት ተራ መጣ። ነገ ጠዋት ብቻ ከቤት እንዳይወጣ አድርግልን። ማለዳ ሊነግሯቸው መጥተው ባዶ አልጋ ነው ያገኙት። ቀኑን ሙሉ በገደል በረግረግ ሲሮጡ የዋሉት ከገዛ መርዷቸው ነው። ካላቸው ሁለት ልጅ አንዱ ይኸው ፊታቸው ቆሟል። የቀረችው አንዲት ናት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀና ብላ ዓይናቸውን ያየችው ስመኝ ብቻ ነበረች፤ መወርወሪያውን ለምን እንደሳበችላቸው አሁን ገባቸው።

«ልጄ፣ ፎቶው ተነስቷል?» አሉ መቅደላዊትን፤ ድምፃቸውን ራሳቸውም አላወቁትም።

«ተነስቷል፣ አባባ።»

«ቆሜ ነው?»

«ቆመው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አያ አሕመድኑር፣ ሙሐሲን ሊደግፋቸው ሲንደረደር በእጃቸው ከልክለው፣ አንድ ጉልበታቸውን ቀጥሎም ሌላውን አጥፈው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አደባባዩ መሀል አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ሳቡና ሽቅብ ወደ አለምነው አዩ።

«ይኸው ተቀምጫለሁ፣ አለምነው። በል፣ እንዳስተማርኩህ አድርገህ ንገረኝ።»